ለትልቅ ሰው «ካዮ» ነው ወይስ «ሲላ»? ታጋሎግን በአክብሮት የመናገር መመሪያ

ከፊሊፒኖዎች ጋር የሚሠሩ እህቶች ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «‹እርስዎ› በታጋሎግ (ከፊሊፒንስ ቋንቋዎች በአንዱ) ምንድን ነው?» መልሱን ስነግራቸው ሁለተኛው ይከተላል። «‹እሳቸው›ስ?» ለእያንዳንዷ በድምፅ መልእክት ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መመሪያው ታጋሎግን ከዜሮ አያስተምርም። ሰላምታ እና ጥቂት ቃላት ያላችሁ፣ ግን ከትልቅ ሰው ፊት ስትቆሙ አፋችሁ የሚያያዝባችሁ ሰዎች ተጠቀሙበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። አንዱ ለቅርብ ሰው ለሚባለው፣ ሌላው ለአክብሮቱ።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ስትሳሳቱ የምታርም አንዲት ፊሊፒኖ ጓደኛ። ስትሳሳቱ የምትስቅ ከሆነች ደግሞ የተሻለ ነው፤ የተሳቀበት ስህተት አይረሳም።
- በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል።

ስለ አጻጻፉ

የታጋሎጉን ቃል በፊደላችን ነው የጻፍኩት። «ንግ» የሚል ስታዩ «ግ»ን አታጥብቁት፤ ድምፁ በአፍንጫ ወጥቶ እዚያው ይቅር። «ሲያ» ተብሎ የተጻፈው በፈጣን ንግግር «ሻ» ሆኖ ይሰማል። «ኒያ»ም «ኛ» ይሆናል። ይሄኛው ለእኛ አፍ ቀላል ነው።

ደረጃ 1፦ አክብሮቱ የት እንደሚቀመጥ እወቁ

በአማርኛ አክብሮት ግሱ ውስጥ ይገባል። «ግባ» የነበረው «ይግቡ» ይሆናል። «እርስዎ» የሚለውን ባትጠሩት እንኳ «ይግቡ» ብቻውን ይበቃል።

የታጋሎግ ግስ ግን ለማንም አይጎነበስም። «ኩማኢን» ማለት በላሁም፣ በላህም፣ በላችም፣ በሉም ነው። ስለዚህ አክብሮቱ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ተውላጠ ስሙ፣ «ፖ» የምትባለው ትንሽ ቃል እና መጠሪያው (አቴ፣ ኩያ እና የመሳሰሉት)። እነዚህን ከጣላችሁ ግሱ አያድናችሁም። ብዙ ሰው «ምን ክፉ ተናገርኩ?» ብሎ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ክፉ አልተናገረም፤ ትልቁን ሰው «አንተ» ብሎት ነው።

ደረጃ 2፦ ይህን በደብተራችሁ ጻፉ

በአንደኛው ቀለም፣ ለአንድ የቅርብ ሰው፦

- ኢካው ወይም ካ = አንተ፣ አንቺ
- ሞ = ያንተ፣ ያንቺ፤ «አንተ ያደረግኸው» ሲባልም ይኸው ነው
- ሳ ኢዮ = ላንተ፣ ላንቺ

በሁለተኛው ቀለም፣ ለብዙ ሰው ወይም ለአንድ የተከበረ ሰው፦

- ካዮ = እናንተ፣ እርስዎ
- ኒንዮ = የእናንተ፣ የእርስዎ
- ሳ ኢንዮ = ለእናንተ፣ ለእርስዎ

ከታች ደግሞ፦

- ሲያ፣ ኒያ፣ ሳ ካኒያ = እሱ ወይም እሷ፣ የእሱ ወይም የእሷ፣ ለእሱ ወይም ለእሷ
- ሲላ፣ ኒላ፣ ሳ ካኒላ = እነሱ፣ የእነሱ፣ ለእነሱ

ሁለት ቀለም ያልኩት ለጌጥ አይደለም። ከአክብሮቱ ረድፍ አንዱን ከወሰዳችሁ ሌሎቹንም ከዚያው ረድፍ መውሰድ አለባችሁ። «ካዮ» ብሎ ጀምሮ «ሞ» ብሎ መጨረስ «እርስዎ፣ ስምህ ማን ነው?» እንደማለት ነው።

ወንድና ሴት አይለይም። «አንተ» እና «አንቺ» አንድ ናቸው፣ «እሱ» እና «እሷ»ም እንደዚያው። ይህ እፎይታ ነው።

ደረጃ 3፦ «ፖ»ን ቦታዋ ላይ አስቀምጡ

«ፖ» ትርጉም የላትም ማለት ይቻላል፤ ሥራዋ አክብሮት ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገር አትጀምርም። ከመጀመሪያው ቃል ኋላ ትለጠፋለች።

- ሳላማት ፖ = አመሰግናለሁ
- ኩሙስታ ፖ ካዮ? = እንዴት ነዎት?
- ታጋሳአን ፖ ካዮ? = የት አገር ነዎት?
- ኩማኢን ና ፖ ባ ካዮ? = በሉ ወይ?

የመጨረሻውን እዩት። «ና» (ቀድሞ፣ አሁን)፣ «ፖ»፣ «ባ» (የጥያቄ ምልክት)፣ ከዚያ «ካዮ»። ይህን ቅደም ተከተል እንደ መዝሙር በቃላችሁ ያዙት፤ ና ፖ ባ ካዮ። አንዱ ቦታውን ከለቀቀ ጆሮ ይጎረብጣል።

አንድ ሕግ ብቻ ጨምሩበት። አጫጭሮቹ «ካ»፣ «ኮ» (የእኔ፤ «እኔ ያደረግሁት» ሲባልም ይኸው ነው) እና «ሞ» ከ«ፖ» ይቀድማሉ። ረዣዥሞቹ «አኮ» (እኔ)፣ «ካዮ»፣ «ሲያ»፣ «ሲላ» እና «ኒንዮ» ይከተላሉ። «ሂንዲ ኮ ፖ አላም» ማለት «አላውቅም» ነው፤ «ኮ» ቀደመች። «ሂንዲ ፖ አኮ» (እኔ አይደለሁም) ስትሉ ግን «ፖ» ቀደመች። በንግግር «ኒንዮ» አጥሮ «ንዮ» ሲሆን ወደ ፊት የመሸሽ ጠባይ አለው። ለጊዜው ሙሉውን «ኒንዮ» ተናገሩ፣ ከዚህ ጣጣ ትድናላችሁ።

«አዎ» ለትልቅ ሰው «ኦፖ» ነው። «ኦኦ» ለእኩያ ነው። «አይ» ደግሞ «ሂንዲ ፖ» ይሆናል። ከሁሉ ቀድማችሁ «ኦፖ»ን ልመዱ። በቀን መቶ ጊዜ የምትመልሱት እሱን ስለሆነ፣ ስህተቱም መቶ ጊዜ ይሰማል።

አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ባታንጋስ አካባቢ ያደገ፣ «ፖ»ን «ሆ» ይላታል። ስትሰሙ አትደንግጡ። «ሆ» ትንሽ ላላ ያለች አክብሮት ናት። እናንተ ግን በ«ፖ» ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ለማን እንደምትሉ ለዩ

በዕድሜ ለሚበልጣችሁ፣ ለአለቃ፣ ለደንበኛ እና ለማታውቁት አዋቂ ሰው «ፖ» እና «ካዮ» ይባላል። ለእኩያ ጓደኛ «ካ» ይበቃል። ለሕፃን «ካ» ነው፤ ሆኖም ወላጆች ልጁን ለማስለመድ ሲሉ ራሳቸው «ፖ» ሲሉለት ትሰማላችሁ።

ከጓደኛችሁ ጋር እየተቀራረባችሁ መጥታችሁ አንድ ቀን ድንገት «ፖ» ብትሏት «ምን አድርጌሽ ነው?» ልትላችሁ ትችላለች። ያኮረፈ ሰው አንቱታ እኛም ጋ አለ።

ለእግዚአብሔርስ? ካቶሊኮቹ «አባታችን ሆይ» ሲደግሙ በ«ካ» እና በ«ሞ» ነው። እኛም «ስምህ ይቀደስ» እንጂ «ስምዎ» አንልም። ስለዚህ ጸሎት ሰምታችሁ «ካ ለታላቅ ይባላል» ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

ደረጃ 5፦ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አዙሩ

የቅርቡን ጻፉ፣ ከሥሩ የአክብሮቱን ጻፉ።

- አኖ አንግ ፓንጋላን ሞ? → አኖ ፖ አንግ ፓንጋላን ኒንዮ? (ስምዎ ማን ነው?)
- ኩማኢን ካ ና ባ? → ኩማኢን ና ፖ ባ ካዮ?
- ቱቱሉንጋን ኪታ → ቱቱሉንጋን ኮ ፖ ካዮ (እረዳዎታለሁ)

ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። «ኪታ» ማለት «እኔ አንተን» ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቃል ተጠቅልለዋል። ውስጡ ያለው «አንተ» ግን የቅርቡ ነው። ለትልቅ ሰው «ኪታ» አይሠራም። ተፈትቶ «ኮ» እና «ካዮ» ይሆናል፣ መሃል ላይ «ፖ» ትገባለች። «ኪታ ፖ» የሚል ሰው የአክብሮት ክዳን በቅርበት ድስት ላይ ገጥሟል።

በፍጥነት ሲነገር «አኖ ፖንግ ፓንጋላን ኒንዮ?» ሲባልም ትሰማላችሁ። «ፖ» እና «አንግ» ተጣብቀው ነው እንጂ አዲስ ቃል አይደለም።

ደረጃ 6፦ «ሲላ»ን በሩ ላይ ተገናኟት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «ሲላ» «እነሱ» ማለት ነው ብለናል። ታዲያ ፊት ለፊት ለቆመ አንድ ሰው ለምን ይባላል?

መልሱን አማርኛችሁ ያውቀዋል። «እነሱ ይግቡ» እና «እርስዎ ይግቡ» ስንል ግሱ አንድ ነው። ፊታችን የቆመውን ሰው የምናከብረው ስለ ሩቅ ብዙዎች በምናወራበት ግስ ነው። ታጋሎግም ይህንኑ ያደርጋል፤ ግሱ ስለማይለወጥ ግን ሥራውን ለተውላጠ ስሙ ሰጥቶታል። በቀጥታ «አንተ» ማለት ይከብዳል፣ ብዙ ማድረግ ደግሞ ያከብራል፤ «ሲላ» ሁለቱንም በአንዴ ታደርጋለች። ከ«ካዮ» አንድ እርምጃ ከፍ ያለችውም ለዚህ ነው።

አንድ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «ታኦ ፖ!» ይላል። ቃል በቃል «ሰው ነኝ» እንደማለት ነው፤ የእኛን «ቤቶች!» አስቡ። ከውስጥ ያለው ማን እንደመጣ አያውቅም። እንዲህ ይላል፦

- ሲኖ ፖ ሲላ? = ማን ልበል?
- ሲኖ ፖ አንግ ሃናፕ ኒላ? = ማንን ፈልገው ነው?
- አኖ ፖ አንግ ካይላንጋን ኒላ? = ምን ፈልገው ነው?

ስልክ ላይም እንዲሁ ነው። «ማን ልበል?» ስንል ደዋዩን በቀጥታ አንነካውም። «ሲኖ ፖ ሲላ?» ተመሳሳይ ለዛ አላት። እነዚህን ሦስቱን እንዳሉ በቃላችሁ ያዙ። የቤት ስልክ ለሚያነሳ፣ በር ለሚከፍት ወይም እንግዳ ለሚቀበል ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ ዓረፍተ ነገር አላውቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰውዬው ተቀምጦ ቡና መጠጣት ከጀመረ በኋላ በ«ሲላ» አትቀጥሉ። ወደ «ካዮ» ውረዱ። «ሲላ» የደጅና የስልክ አክብሮት ናት፤ ሳሎን ድረስ ከጎተታችኋት ወይ ቀዝቃዛ ትሆናለች፣ ወይ ሰውየው «ስለ ማን ነው የምታወራው?» ብሎ ዞር ዞር ይላል። ጥርጣሬ ከገባችሁ «ፖ» እና «ካዮ» በየትም ቦታ ያወጣችኋል።

ደረጃ 7፦ ስለሌለ ሰው ስታወሩ «ሲላ»ን ተዉ

የእኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወድቄያለሁ።

ኩዌት ሳለሁ አብራኝ የምትሠራ ትልቅ ሴት እናቴ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። እኔ እናቴን አንቱ ብዬ ያደግኩ ነኝ። «እሳቸው ኢትዮጵያ ናቸው» ለማለት በኩራት «ናሳ ኢትዮጵያ ፖ ሲላ» አልኩ። ሴትየዋ ዓይኗን አፍጥጣ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ስንት እናት ነው ያለሽ?

ትክክሉ «ናሳ ኢትዮጵያ ፖ ሲያ» ነው። «ሲያ» ማለት «እሷ» አይደለም ወይ? ነው። እናትን ማዋረድስ አይሆንም ወይ? አይሆንም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በአማርኛ «እሳቸው» ስንል የምትከበረው የሚወራላት ሴት ናት፣ የሚሰማን ማንም ይሁን ማን። በታጋሎግ ግን «ፖ» የምታከብረው የሚሰማውን ሰው ነው። ስለ እናታችሁ ለአለቃችሁ ስታወሩ «ፖ» ለአለቃው ናት። ስለ አለቃው ለእኩያችሁ ስታወሩ «ፖ» የለችም፤ «ሲያ» ብቻ ነው፣ ነውርም የለበትም።

የሌለውን ሰው ማክበር ከፈለጋችሁ በመጠሪያው አክብሩት። «ሲ ሎላ» (አያቴ፣ ሴቷ) ወይም «ሲ ኩያ» (ታላቅ ወንድም) በሉ። «ሲ» ስም ፊት የሚገባ ምልክት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ስጦታ አለ። «ሲና አና» ማለት «እነ አና» ማለት ነው፤ አና እና አብረዋት ያሉት። «እነ»ን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። በንግግር «ሲላ አና» ሲባልም ትሰማላችሁ፤ እሱም «እነ አና» ነው እንጂ ለአና የተሰጠ አንቱታ አይደለም።

ደረጃ 8፦ መጠሪያ ጨምሩ

በስም ብቻ መጥራት ለታላቅ ሰው ደረቅ ነው።

- አቴ = ታላቅ እህት፤ ጥቂት ለምትበልጣችሁ ሴት
- ኩያ = ታላቅ ወንድም፤ ለሹፌርም፣ ለጥበቃም፣ ለሻጭም
- ቲታ፣ ቲቶ = አክስት፣ አጎት፤ በወላጅ ዕድሜ ላሉ
- ሎላ፣ ሎሎ = አያት

ስሙን ከኋላ አድርጉ፤ «አቴ አና» እንጂ «አና አቴ» አይባልም። እኛ «እትዬ»፣ «ጋሼ» ከምንለው ጋር ቦታው አንድ ነው። ብቻ ዕድሜዋን ሳታጣሩ «ሎላ» አትበሉ። በ«አቴ» ጀምሩ፤ በ«አቴ» የተቀየመች ሴት አላየሁም።

ደረጃ 9፦ ትእዛዙን ወደ ልመና ለውጡ

ግስ ፊት «ፓኪ» ስትገባ ትእዛዙ ይለሰልሳል።

- ፓኪኡሊት ፖ = እባክዎ ይድገሙልኝ
- ፓኪሂንታይ ፖ = እባክዎ ይጠብቁ
- ፓኪአቦት ፖ ናንግ አሲን = እባክዎ ጨው ያቀብሉኝ

እንግዳ ሲመጣ «ቱሎይ ፖ ካዮ» (ይግቡ) ይባላል። ከዚያ «ማኡፖ ፖ ካዮ» (ይቀመጡ)። «ኡፖ» መቀመጥ፣ «ኦፖ» አዎ ነው፤ በ«ኡ» እና በ«ኦ» መሃል ተጠንቀቁ። በሰው መሃል ለማለፍ «ማኪኪራአን ፖ» በሉ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላችሁ።

እየበላችሁ ሰው ቢመጣ «ካኢን ፖ ታዮ» በሉ። «እንብላ» ማለት ነው፤ ልክ እንደ እኛው ሳይሉት መቅረት ያሳፍራል። እዚህ ላይ «ታዮ» ግዴታ ነው። ታጋሎግ ሁለት «እኛ» አለው። «ታዮ» የሚሰማውን ያካትታል፣ «ካሚ» ያስወጣዋል። «ካሚ» ካላችሁ «እኛ እንብላ፣ አንቺ እለፊ» ሆነ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

«ፖ»ን በየቃሉ ኋላ መደርደር። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ይበቃል። ሲበዛ ፌዝ ይመስላል።

«ካ ፖ» እና «ሞ ፖ» ማለት። ቅደም ተከተሉ ልክ ቢሆንም የቅርቡን ቀለም ከአክብሮቱ መደባለቅ ነው። አንዳንድ ወጣት ፊሊፒኖዎች ሲሉት ትሰማላችሁ። እነሱ ቢሉት ቋንቋቸው ነው፤ ተማሪ ሲለው ግን አላወቀም ይባላል።

«ፖ»ን ይዞ በቁጣ ድምፅ መናገር። ቃሉ ቃናውን አይሸፍንም።

«ፖ»ን ለሁሉም ፊሊፒኖ መዘርጋት። ፊሊፒንስ ከ100 በላይ ቋንቋ ያለባት አገር ናት። የሴቡ ሰው የሚናገረው ሴብዋኖ «ፖ» የለውም፤ በብዙ ቁጥር ማክበርም ልማዱ አይደለም። ትሕትናው በ«ፓሊሁግ» (እባክህ)፣ በመጠሪያ እና በድምፅ ነው። የሴቡ ሰው «ፖ» ባይላችሁ ባለጌ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ከሰሜን ሉዞን የሚመጡ ኢሎካኖዎች «አፖ» የሚል አላቸው፣ «ዌን አፖ» ለ«አዎ» ማለት ነው፤ የብዙ ቁጥሩም «ካዮ» እነሱ ጋ ለአክብሮት ይሠራል። የፓምፓንጋ ሰዎች ደግሞ «ፑ» ይላሉ።

ከኢንዶኔዥያ ሴቶች ጋር የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ፣ ቋንቋው የታጋሎግ ዘመድ ነው፣ ሕጉ ግን ሌላ። እዚያ «እሳቸው» እውነተኛ ቃል አለው፤ «ብሊያው» ይባላል፣ ለሌለ የተከበረ ሰው ብቻ የሚነገር። «መሬካ» «እነሱ» ነው፣ ለአንድ ሰው አይሆንም። ፊት ለፊት ያለውን ወንድ «ባፓክ»፣ ሴቷን «ኢቡ» በሉ፤ መጠሪያው ራሱ «እርስዎ» ሆኖ ያገለግላል። የታጋሎጉን «ካዮ» ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

ልምምድ

የመጀመሪያውን ሳምንት በደረጃ 5 ሥራ አሳልፉት። በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው አዙሩ፣ ድምፃችሁን ቅዱ፣ ለጓደኛችሁ አሰሙ። እሷ «ሂንዲ» ስትል ምኑ እንደሆነ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የ«ፖ» ቦታ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት በር ላይ ተለማመዱ። ጓደኛችሁ ከውጭ «ታኦ ፖ!» ትበል። እናንተ ከውስጥ «ሲኖ ፖ ሲላ?» ብላችሁ ክፈቱ፣ «ቱሎይ ፖ ካዮ» ብላችሁ አስገቡ፣ «ማኡፖ ፖ ካዮ» ብላችሁ አስቀምጡ። ከደጃፉ ወደ ወንበሩ ስትደርሱ «ሲላ» ወደ «ካዮ» መለወጧን ልብ በሉ። ከዚያ ስለ እናታችሁ ትጠይቃችሁ፤ በ«ሲያ» መልሱ።